ሂውስተን፦ ነገ ሀሪኬን ይገባል፣ ዛሬ ግን ቅጠል አይነቃነቅም

ጠያቂ፦ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሙቀቱ ያፍናል። መስኮቱ ላይ ፕላስተር በመስቀል ብለጥፍ ይበቃል? ጄኔሬተሩንስ ዝናብ እንዳይነካው ጋራዥ ውስጥ ላስነሳው?

አናጢው፦ ጸጥታው አያታልልህ። ከማዕበሉ ወደ ላይ የወጣው አየር ዙሪያው ላይ ተመልሶ ይወርዳል፤ ሲወርድ ስለሚሞቅ ደመናውን ያጠፋዋል። ፕላስተር ከንቱ ድካም ነው፤ መስታወቱ ሲሰበር በትላልቁ እንዲረግፍ ከማድረግ በቀር ፋይዳ የለውም። 16 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ግጠም። በሚስማር ሳይሆን በብሎን፤ ሚስማር ነፋስ ሲጎትተው ይነቀላል።

የመብራት ሰው፦ ጋራዥ ውስጥ? በፍጹም! በሩ ክፍት ቢሆንም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ቤተሰብ በተኛበት ይጨርሳል። ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር አርቀው፣ ጭስ ማውጫውን ከመስኮት አዙር። ግድግዳ ሶኬት ላይም አትሰካው፤ ኃይሉ ወደ መንገዱ የመብራት መስመር ተመልሶ መስመር ጠጋኙን ይገድላል።

እማማ ጓዳ፦ በ2024ቱ ሀሪኬን ቤሪል ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት ጠፍቶበታል፣ ስለዚህ ፍሪዘሩን ዛሬውኑ በውሃ ጠርሙስ ሙላው። ሙሉ ሆኖ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ 24። ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርግና ሳንቲም ላዩ ላይ አኑር። ሳንቲሙ ሰምጦ ካገኘኸው በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው፤ ሥጋውን ጣል።

ጠያቂ፦ የኮምፔንሳቶው ብሎን ርዝመቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ይሁን?

አናጢው፦ ኮምፔንሳቶውን አልፎ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር የግድግዳውን ማገር ይንከስ።