ከደቡብ ጎረቤታችን ሪፒተር ጋር ያለው መጠላለፍ፦ አብረን የምናቀርበው ሐሳብ

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ የዋሽንግተን አካባቢ አማተር ሬዲዮኞች፣ በመካከለኛው ቨርጂኒያ ላለው ጎረቤት የአማተር ሬዲዮ ክለብ የምንልከውን ደብዳቤ እዚሁ እንጨርሰው።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሁለቱ ሪፒተሮች (የአባላትን ሲግናል በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብለው በሌላው አጠንክረው የሚልኩት ጣቢያዎች) በ2 ሜትር ባንድ ላይ አንድ ጥንድ ፍሪኩዌንሲ ይጋራሉ። የሚከፍታቸው ቶን፣ ማለትም ከንግግሩ ጋር አብሮ የሚላከው ዝቅተኛ ድምፅ፣ አንድ ነው፣ 100.0 ኸርዝ። በአዘቦቱ ቀን ርቀቱ ይበቃናል። ሰመር ላይ ግን፣ ማለዳ ሞቃት አየር በቀዝቃዛው ላይ ሲተኛ፣ ሲግናሉ ከተለመደው በጣም ርቆ ይሄዳል። ያኔ የነሱ ወሬ እኛ ጋ ይገባል። የመጀመሪያው ረቂቅ አጭር ነው፦ ቶን ይቀይሩ፣ ኃይል ይቀንሱ። ምን ትላላችሁ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እግዜር ይስጥልኝ፣ አስተባባሪያችን። ረቂቁ ግን ቸኩሏል። ምን እየሆነ እንደሆነ ሳናውቅ ሰውን "ይህን አድርግ" አንበል።

ሬዲዮናችሁ ላይ ሪቨርስ የምትባል ቁልፍ አለች። ስትጫኗት ሬዲዮው የሪፒተሩን መላኪያ ትቶ መቀበያውን ያዳምጣል። እንግዳ ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር ተጫኗት። ሰውየው በሪቨርስም ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ እዚሁ አጠገባችን ያለ ሰው ነው፤ ጎረቤት ክለብን አይመለከትም።

በሪቨርስ ካልተሰማ ደግሞ የመቀበያ ቶን አብሩ፤ ያኔ ሬዲዮው ቶኑ የሌለበትን ሲግናል ጸጥ ያደርገዋል። የኛ ሪፒተር በመላኪያው ላይ 100.0 ይልካል፤ የነሱ አይልክም። ድምፁ ጸጥ ካለ፣ የነሱ ሪፒተር በቀጥታ ሬዲዮናችሁ ድረስ መጥቷል ማለት ነው። ከቀጠለ፣ የነሱ አባል የኛን ሪፒተር ከፍቶታል። እነዚህ ሁለቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያውን እያንዳንዳችን በሬዲዮናችን ላይ እናስተካክለዋለን። ሁለተኛው ግን የቶን ለውጥ ይፈልጋል።

ከአሌክሳንድሪያ
ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ የምጨምረው፣ ችግሩን ሁሉ በጎረቤት አናሳብብ። ዝናብ በጣለ ማግስት የሚመጣው ጩኸት የነሱ አይመስለኝም። ቃል የለውም፣ የጥሪ ምልክት (የባለፈቃዱ መለያ) የለውም፣ ዝም ብሎ ይንኮሻኮሻል።

ሪፒተራችን ያለበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ብቻችንን አይደለንም፤ የሌሎችም ማሠራጫ አለ። ሁለት ማሠራጫዎች አጠገብ ለአጠገብ ሲሠሩ፣ ዝገት ያለበት ብረት ሲግናላቸውን ይቀላቅልና ሦስተኛ ሲግናል ይወልዳል። ለምሳሌ አንዱ በ146.70 ሜጋኸርዝ ቢልክ፣ ሌላው በ147.30፣ የመጀመሪያውን እጥፍ አድርጋችሁ ሁለተኛውን ቀንሱ። 146.10 ይመጣል። ይህ ደግሞ የመጀመሪያው ሪፒተር መቀበያ ራሱ ነው! በሁለቱ ማሠራጫዎች መካከል ያለው ልዩነት፣ እንደ ሪፒተሩ መላኪያና መቀበያ ልዩነት፣ 600 ኪሎኸርዝ ስለሆነ ልክ እዚያው ያርፋል።

መጨረሻ ጣሪያው ላይ ስንወጣ ኬብሉን የያዘው ክላምፕ ዝጎ ነበር። ከኮኔክተሩ ላይም ቴፑ ተልጦ፣ ነሐሱ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ደብዳቤው ከመሄዱ በፊት ይህን እንጠግን። ቤታችንን ሳንጠርግ የሰው በር አናንኳኳ።

ከፎልስ ቸርች
በሁሉም እስማማለሁ። ግን የኛን ኃይል ብንጨምርስ? በኤፍኤም ጠንካራው ደካማውን ይውጠዋል። የነሱን ድምፅ በላዩ እንሸፍነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ወንድሜ፣ የምትለው ለኛ ሰፈር እውነት ነው። ለነሱ ሰፈር ግን በዚያው ልክ እነሱን እንሸፍናለን። እነሱም ይጨምራሉ፣ ከዚያ ማቆሚያ የለውም። ደግሞ ሪፒተራችን ባለ 5 ዋት የእጅ ሬዲዮ ከሚሰማበት ርቀት አልፎ ይናገራል። ዳር ላይ ያለ ሰው ይሰማናል፣ ይጠራናል፣ እኛ አንሰማውም። ኃይል ስንጨምር ይህ ይብሳል።

እንዲያውም መቀነስን እናስብ። ከ100 ወደ 25 ዋት ብንወርድ ልዩነቱ 6 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ብቻ ነው። አርሊንግተን ያለ ሰው ልብ አይለውም። ሩቅ ላለው ጎረቤት ግን እፎይታ ነው። ኃይል ለመጨመር ልናወጣ የምንችለውን ገንዘብ መቀበያው ላይ እናውለው፤ ጥሩ ኬብልና የተስተካከለ ዱፕሌክሰር (በአንድ አንቴና እየላክን እንድንቀበል የሚያስችለው ማጣሪያ) ከዋት ይበልጣል።

ከሃያትስቪል
አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። የኛ ድምፅም እነሱ ጋ ይደርሳል። የእሁድ ማታ ኔታችን፣ ማለትም በአየር ላይ ተራ በተራ የምናወራበት ስብሰባ፣ በአማርኛ ነው። የአሜሪካ የአማተር ሬዲዮ ደንብ በየትኛውም ቋንቋ ማውራትን ይፈቅዳል። የጥሪ ምልክት በድምፅ ሲነገር ግን በእንግሊዝኛ መሆን አለበት፤ ቢያንስ በየ10 ደቂቃውና በንግግሩ መጨረሻ። እስቲ በነሱ ቦታ ሁኑት። የማያውቁትን ቋንቋ ለደቂቃዎች ይሰማሉ፣ ማን እንደሆንን አያውቁም። ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ናቸው ቢሉ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ተራ የደረሰው ሁሉ ከመናገሩ በፊት የጥሪ ምልክቱን በእንግሊዝኛ ይበል። ደንቡ ይህን ያህል አይጠይቅም፣ ግን ምንም አያስከፍለንም። ደብዳቤውም ከዚህ ይጀምር። ማን እንደሆንን እንንገራቸው። ኔታችን ላይም እንጋብዛቸው፤ የመጡ ቀን በእንግሊዝኛ እናስተናግዳቸዋለን።

አስተባባሪ
እህቴ፣ ይህን በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። አዲሱ መግቢያ ያንቺ ነው። ረቂቁን እንደገና ጻፍኩት፦

"እኛ በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር፣ ፈቃድ ያለን አማተሮች ነን። እርስ በርስ በአማርኛ እናወራለን። በሰመር ማለዳዎች ሪፒተሮቻችን ይጠላለፋሉ፤ የኛም ወደ እናንተ እንደሚደርስ እንገምታለን። በጋራ እንድንመረምረው እንጠይቃለን። ሁለታችንም ለአንድ ወር ሰዓቱን፣ የተሰማውን የጥሪ ምልክትና አየሩን እንመዝግብ። በተስማማንበት ማለዳ ሪፒተሮቹን ተራ በተራ ለአንድ ሰዓት እናጥፋ። የኛ ሲጠፋ የምንሰማው የእናንተ ነው፤ የእናንተ ሲጠፋ የምትሰሙት የኛ ነው። እኛ ቶናችንን ለመቀየርና ኃይላችንን ለመቀነስ ዝግጁ ነን። ቶን መቀየር ሪፒተሩ በሌላው አባል እንዳይከፈት ያደርጋል እንጂ ሲግናሉን አያስቀረውም። ስለዚህ ከውጤቱ በኋላ ስለ ኃይልና ስለ አንቴና አቅጣጫም እንነጋገር።"

ሁለቱም ሪፒተሮች ኮኦርዲኔሽን አላቸው፤ ማለትም ፍሪኩዌንሲያቸውን የፍሪኩዌንሲ አስተባባሪ አካል ደግፎታል። በኤፍሲሲ (የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን) ደንብ ክፍል 97.205 መሠረት እንዲህ ሲሆን መጠላለፉን የመፍታት ኃላፊነት የሁለቱም እኩል ነው። ይህን ደብዳቤው ውስጥ አላስገባሁትም፤ ክስ ያስመስለዋል። ግልባጩ ግን ለየአካባቢው የፍሪኩዌንሲ አስተባባሪ አካላት ይሄዳል፤ በኛ በኩል ለቲ-ማርክ፣ በነሱ በኩል ለሴራ። ቶን ከቀየርንም ለቲ-ማርክ እናሳውቃለን።

መጀመሪያ ግን ጣሪያው። ከአሌክሳንድሪያ የጻፍሽው እህታችንና ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ብትወጡ፣ አዲስ ክላምፕና የኮኔክተር ቴፕ እኔ ገዝቼ እመጣለሁ። የሕንፃውን ጠባቂ አስፈቅጃለሁ። ደብዳቤው ላይ ማስተካከያ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ ይጻፍ።

ከፎልስ ቸርች
ተስማምቻለሁ። መመዝገቢያውን ቅጽ እኔ አዘጋጃለሁ። ሪቨርስ ተጭኖ እንደሆነና የመቀበያ ቶን በርቶ እንደነበር የሚጻፍበት ቦታ ይኖረዋል።