አስቸኳይ፦ ስልጠናው ነገ ነው፣ ምክትሌ ደግሞ ከግሩፑ ወጣች

የክበብ ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ጧት 3 ሰዓት ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የአመራር ስልጠና አለን። አዳራሹ ተፈቅዷል፣ ተማሪዎቹም ተጠርተዋል። ምክትሌ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አታነሳም። አሁን ማታ ከግሩፑ ወጣች፣ ሁለት አስተባባሪዎችም ተከትለዋት ወጡ። ስላይዱም የተመዝጋቢዎቹ ዝርዝርም እሷ ጋ ነው። እንዴት ላስመልሳት? ወይስ በሌላ ሰው ልተካት? ሥነ ምግባር ከሌለው ሰው ጋር መሥራት ሰልችቶኛል።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ወንድሜ፣ መሪነት ወንበር ይዞ መቀመጥ አይደለም። መሪ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው። ትዕግሥት፣ ታማኝነት፣ ቃልን መጠበቅ በአንድ ቀን ስልጠና አይመጣም፤ በየቀኑ ሲኖሩት ነው የሚገነባው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንድነታችሁን አጥብቁ።

የማታ ወፍ፦ ስላይድ ከሌለማ እሰየው! አዳራሽ ሙሉ ሰው ሳይተኛ የሚውልበት የመጀመሪያው ስልጠና ይሆናል።

አራተኛ ዓመት፦ በግል ደውልላት። በጽሑፍ አይሆንም።

ጠያቂዋ፦ «ሥነ ምግባር የሌላት» የሚለውን ከየት አመጣኸው? ስንት ሥራ ነበር በእሷ እጅ? ከመውጣቷ በፊትስ ግሩፑ ላይ ምን ተባለ?

የክበብ ሰብሳቢ፦ ስላይድ፣ ምዝገባ፣ የአዳራሹ ደብዳቤ፣ የእንግዳ ጥሪ። «እኔ እሠራዋለሁ» ያለችው ራሷ ናት። ሰሞኑን ከክፍልም ትቀራለች ይላሉ። ትናንት «ኃላፊነት የማይሰማው ሰው ይውጣ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለሁሉም ነው ያልኩት።

ጠያቂዋ፦ ይኸው፣ ውጡ አልክ፣ ወጡ። አራት ሥራ የተሸከመች ልጅ ያን ስታነብ ለማን የተጻፈ ይመስላታል?

አዳማጭ፦ የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ላይ እሠራለሁ። ትጉህ የነበረ ሰው ድንገት ከክፍል ሲቀርና ስልክ ሲዘጋ፣ ከጠባዩ በፊት ጤንነቱ ይታሰብ። ሐዘን ወይም ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትም ከተዛባ፣ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕመሙን መለየት የባለሙያ ሥራ ነው፤ አንተ ግን መጠየቅ ትችላለህ። ስልክ ካላነሳች የዶርም ጓደኛዋን ዛሬውኑ ላክ። ስታገኛት «የደወልኩት ስለ ስልጠናው አይደለም፤ ከክፍል መቅረትሽን ሰምቼ አሳስቦኝ ነው። እንዴት ነሽ?» በላትና ዝም ብለህ አዳምጥ። መኖር እንደሰለቻት ከተናገረች፣ ራሷን ስለማጥፋት አስባ እንደሆነ በግልጽ ጠይቃት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት፣ ምሥጢር ልትጠብቅም ቃል አትግባ፤ በዚያው ሌሊት ክሊኒክ ወይም ድንገተኛ ክፍል ትወሰድ። ተናዳ ብቻ ከሆነ ደግሞ ስለ ትናንቱ መልእክት ፊት ለፊት ተነጋገሩ።

አራተኛ ዓመት፦ ያልኩት እኮ ይህንኑ ነው። በግል ደውልላት።

ገመድ ጎታች፦ ጋሼ የቀድሞ ሰብሳቢ፣ ተረቱን አከብራለሁ፤ ግን ድሩ የሚያብረው እያንዳንዱ ክር ሲጎትት ነው። ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ለክቶ በ1913 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው ጥናት፣ ሰው በበዛ ቁጥር የየአንዳንዱ ድርሻ ጉልበት ይቀንሳል። ክበቦች ላይም የማየው ይህንኑ ነው፤ «ሁላችንም እንሠራለን» ሲባል አንድ ሰው ተሸክሞት ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ለቀሩት ልጆች ሥራውን በስም አከፋፍል። ምዝገባው በር ላይ በወረቀት ይሁን። ስላይዱን ተወው፤ ተማሪዎቹን አምስት አምስት አድርገህ አንድ ጉዳይ ስጣቸው፦ የቡድን ሥራ ማስረከቢያው ነገ ነው፣ አንዱ አባል ጠፍቷል፣ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? እየዞርክ አዳምጥ፤ ማን ሥራውን እንደጠየቀ፣ ማን ሰውየውን እንደጠየቀ ታያለህ።

የማታ ወፍ፦ ይህቺን ጥያቄ መጀመሪያ ሰብሳቢው ራሱ ይሥራት።

የክበብ ሰብሳቢ፦ የዶርም ጓደኛዋን አገኘኋት። ዛሬ ከአልጋ አልተነሳችም፣ ምሳም አልበላችም አለችኝ። አሁን አብራት ናት፤ ስልኩን ልታቀብልልኝ ነው።

አዳማጭ፦ ጥሩ። ስላይዱን ዛሬ እንዳታነሳባት። ጓደኛዋም እዚያው ትደር፤ ነገ ምክር ክፍል የሚሸኛት ሰው ከስልጠናው በፊት ይመደብ።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ልጆች፣ የመድረክ መክፈቻውን እኔ እይዘዋለሁ። 2 ሰዓት ተኩል አዳራሹ በር ላይ እገኛለሁ።