ስሜቴን ያቃናልኝ ስፖርት ጉልበቴን አስቆጣው፤ ምን ልሥራ?

ሰላም እህቶች። 48 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቄራ አካባቢ ነው። የወር አበባዬ መዘበራረቅ ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፤ ቀን ደግሞ በሆነው ባልሆነው ሆድ ይብሰኛል። ሐኪም ጋ ሄጄ የታይሮይድም የደም ማነስም ምርመራ ተደረገልኝ፤ ደህና ነው። «የማረጥ ዕድሜ ነው፣ ስፖርት ሥሪ» ተባልኩ።

እውነትም ለውጥ አየሁ። በማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ከሚሮጡት ጋር ተቀላቀልኩ። በሠራሁበት ቀን ሰው እሆናለሁ። ልጆቼ ሳይቀሩ ከፊቴ አይተው «ዛሬ ሄደሻል አይደል?» ይሉኛል።

ጉልበቴ ግን እምቢ አለ። ደረጃ ስወርድ ከፊት በኩል ይወጋኛል፤ ማታ ያብጣል። ጂም ገባሁ፤ አሠልጣኙ ለሃያ ዓመት ልጅ የሚሆን ዝላይ ሰጠኝ (ሙዚቃውማ አይነሳ!)። ሜዳ ላይ መራመድ አያመኝም፣ ግን እንደ ደረጃው መንፈሴን አያነሳውም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ይመክራል። ደቂቃውን በእግሬ እሞላዋለሁ፤ የቀረኝ የጡንቻው ነው።

ቤት ያለኝ ምንጣፍ፣ ጠንካራ የእንጨት ወንበርና ውሃ የተሞሉ ባለ 2 ሊትር ሃይላንዶች ናቸው። ጊዜዬ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ብቻ።

በዚህ ዕድሜ ጉልበቷን እያመማት የሠራች፣ ወይም ፊዚዮቴራፒ የምታውቁ፦ ያለ ዝላይና ያለ ደረጃ፣ በነዚህ ዕቃዎች ብቻ፣ ላብ የሚያወጣኝና ጉልበቴንም የሚያጠነክርልኝ የትኛው እንቅስቃሴ ነው?