በታጣፊ ካሜራ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ የሚታየው ነጭ ጭጋግ ከየት የመጣ ነው?

ጥያቄ፦
እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራ፣ 120 የተባለውን የፊልም ዓይነት የሚጎርስና 6 በ6 ሴንቲ ሜትር የሚያነሳ ታጣፊ ካሜራ በቅርቡ እጄ ገብቷል። ሌንሱ ንጹሕ ነው፣ መዝጊያውም ያለ እንከን ይሠራል። ሆኖም የመጀመሪያውን ፊልም አሳጥቤ ስመለከት፣ ከ12ቱ ፎቶዎች በ9ኙ ላይ ከአንድ ጥግ የሚነሳ ነጭ ጭጋግ አገኘሁ። ጥፋቱ የሌንሱ ነው ወይስ የአጠባው?

መልስ፦
ጭጋጉ ሁልጊዜ ከአንድ ጥግ የሚነሳ ከሆነ አጠባውን ከመውቀስዎ በፊት ወናፉን፣ ማለትም ሌንሱን ከካሜራው አካል ጋር የሚያገናኘውን ተጣጣፊ ክፍል፣ ይመርምሩ። ቆዳው ወይም ጨርቁ የሚያልቀው ሲታጠፍ በሚሰበርባቸው ማዕዘኖች ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ የኋላውን ክዳን ከፍተው ትንሽ የእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ያስገቡና ወናፉን ከውጭ እያዞሩ ይመልከቱ፤ ቀዳዳ ካለ እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ምስሉ ፊልሙ ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍ፣ በፎቶው ከላይ የሚታየው ጭጋግ ካሜራው ውስጥ ከታች ያረፈ መሆኑን አይርሱ።

ሌላ መልስ፦
በኋላው ክዳን ላይ ያለውን፣ የፎቶው ተራ ቁጥር የሚታይበትን ቀይ መስኮትም አይዘንጉ። መስኮቱ ቀይ የተደረገው የድሮ ፊልሞች ቀይ ብርሃን ስለማይሰማቸው ነበር፤ የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ግን ይሰማቸዋል። ስለዚህ በጥቁር ፕላስተር ሸፍነው፣ ፊልሙን ሲያዞሩ ብቻ በጥላ ሥር ይግለጡት። ከጥያቄዎ ውጭ ቢሆንም አንድ ነገር ልጨምር፦ ካሜራውን በኃይል አይክፈቱት። ወናፉ ድንገት ሲዘረጋ አየር ስቦ ፊልሙን ከቦታው ስለሚያጎብጠው ፎቶው ይደበዝዛል። እኔ መጀመሪያ ቀስ ብዬ እከፍታለሁ፣ ፊልሙን የማዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሞከርኩት፤ በስተግራ ባለው እጥፋት ማዕዘን ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ሁለት ነጥቦች አበሩ። ንጹሕ የወጡት ሦስቱ ፎቶዎች ደግሞ ካሜራውን እንደከፈትኩ በተከታታይ ያነሳኋቸው ነበሩ፤ የቀሩትን ሳነሳ ካሜራው ፀሐይ ላይ ተከፍቶ ቆይቷል። ወናፉን መለወጥ ይኖርብኛል?

የመጀመሪያው መላሽ፦
ለሁለት ቀዳዳ አያስፈልግም። ሲደርቅ የማይሰነጠቅ ጥቁር የጨርቅ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ከውስጥ በኩል ስስ አድርገው ይቀቡት። ቀለሙ ከወፈረ ወናፉ በትክክል አይታጠፍም። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ካሜራውን ከዘጉት ደግሞ እጥፋቶቹ ይጣበቁና ሲከፍቱት አዲስ ቀዳዳ ይፈጠራል።