የ"መ" አይኖች ወደቁብኝ፤ ፋይሌ ምን ሆኖ ነው?

የጓዳ ጌጥ፦
ሰላም ወገኖች። እቤት ሆኜ የሰርግና የክርስትና ጌጣጌጥ እሠራለሁ። ማሽን የለኝም። በኢለስትሬተር (የዲዛይን ፕሮግራም ነው) ሠርቼ ሌዘር፣ ማለት በጨረር የሚቆርጥ ማሽን፣ ያለው ቤት አስቆርጣለሁ። ሰሞኑን "እንኳን ደህና መጣችሁ" የሚል የበር ሰሌዳ ታዘዝኩ። 3 ሚሊ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ)፣ ስፋቱ 40 ሴንቲ፣ ፊደሎቹ ተቆርጠው ወጥተው ከኋላው መብራት የሚበራበት።

መጀመሪያ ፍላሹን ስሰጣቸው ጽሑፉ የተመሰቃቀለ የእንግሊዝ ፊደል ሆኖ ተከፈተ። እቤት ተመልሼ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይሬ በኤስቪጂ (የመስመር ስዕል ፋይል ዓይነት) ወሰድኩት። ተቆረጠ። ግን ስፋቱ 30 ሴንቲ ሆኖ ቁጭ! የ"መ" አይኖች (ውስጡ ያሉት ክቦች) ወድቀዋል። ጥጉ ላይ ያለው አበባ ደግሞ (ከኢንተርኔት አውርጄ ትሬስ ያደረግኩት፣ ማለት ፎቶውን ፕሮግራሙ ራሱ ወደ መስመር የቀየረልኝ ነው) ጠርዙ ከሰል መስሏል። ልጁ "ፋይልሽ አልጸዳም" አለኝ። እንዴት ነው የሚጸዳው? እንጨቱን ከኪሴ ከፍያለሁ፤ ደንበኛዋ ደግሞ ለቅዳሜ ትፈልገዋለች።

ነጭ ወረቀት፦
በፒዲኤፍ ስጪያቸው፤ መጠኑ አይለወጥም። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ባለ ሌዘሩ፦
ፒዲኤፍ ለመጠኑ ጥሩ ነው፤ አበባውን ግን አያድነውም።

እህቴ፣ እኔ ከወዲያ በኩል ነኝ፤ ፍላሽ ተቀባዩ። የመጠኑ ነገር ቀላል ሒሳብ ነው። ኢለስትሬተር ኤስቪጂ ሲያወጣ አንድ ኢንች 72 ፒክስል ነው ብሎ ይቆጥራል። እኛ ፋይሉን የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ኢንክስኬፕ፣ 96 ነው ይላል። 40 ሴንቲ በ72 ተባዝቶ ለ96 ሲካፈል 30 ይመጣል። ያው ያንቺው ሰሌዳ። ከሰሌዳው ውጪ 100 በ100 ሚሊ የሆነ ካሬ ሥሪ። ባለማሽኑ ሲከፍት ካሬውን ይለካል፤ 75 ካለው ሁሉንም በ133.33 ፐርሰንት ያሳድገዋል። ከዛ ካሬውን እንዲያጠፋው ንገሪው። አደራ!

የተመሰቃቀለው ፊደል ፎንትሽ ዩኒኮድ ያልሆነ የድሮ ፎንት ስለሆነ ይመስለኛል። የእንደዛ ዓይነቱ ፎንት ውስጡ የእንግሊዝ ፊደል ነው፤ ግዕዙ ልብሱ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ልብሱ ይወልቃል። ወደ ቅርጽ መቀየርሽ ልክ ነው። ብቻ ከመቀየርሽ በፊት ዋናውን በሌላ ስም ሴቭ አድርጊ። አንድ ፊደል ብትሳሳቺ በኋላ በኪቦርድ አታርሚውም።

አሁን አበባው። ትሬስ ስታደርጊ ፕሮግራሙ የአበባውን ሰረዝ እንደ መስመር አያየውም። እንደ ወፍራም ቀለም ነው የሚያየው፤ የቀለሙን የግራ ጠርዝም የቀኝ ጠርዝም ይስላል። አንቺ አንድ ያልሽው መስመር ለሌዘሩ ሁለት ነው፣ በመሃላቸው ግማሽ ሚሊ ቢኖር ነው። እሱ ደግሞ የዋህ ነው፤ ሁለቱንም ይሄድባቸዋል። መሃል ያለችው ቀጭን እንጨት ከዚህም ከዚያም ትጠበሳለች። ኮንትሮል ዋይ ተጫኚ። ቀለሙ ሁሉ ይጠፋና ባዶ መስመር ይቀራል። ማሽኑ የሚያየው እሱን ነው። እኔ የሰው ፋይል ስከፍት ከምንም በፊት እንደዛ አድርጌ ነው የማየው፤ ስንቱ "አለቀ" የተባለ ዲዛይን እዛ ጋ ሲጋለጥ አይቻለሁ። አበባውን ሰርዢና በፔን ቱል (መስመር በእጅ መሳያው) እንደገና ሳይው። ያናድዳል፣ ግን ከማጽዳቱ ይፈጥናል። ልክ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ መስመር ብቻ ከሆነ ግን እኛው ላይትበርን (ሌዘሩን የምናዝበት ፕሮግራም) ላይ አልት ዲ ብለን እናጠፋዋለን።

የ"መ" አይን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ነው የወደቀው። አይኑን ከውጪው ሰሌዳ ጋር የሚያገናኝ 2 ሚሊ ድልድይ ተዪለት። "ወ" እና "ዐ"ም እንደዛው። የ"ሌ" እና የ"ቤ" ትንሿ ቀለበትም እንዳትረሳ። ሰው ሁሌ እሷን ይረሳታል።

የጓዳ ጌጥ፦
ወንድሜ፣ እድሜ ይስጥህ! ኮንትሮል ዋይ ስል ደነገጥኩ፤ አበባው የሸረሪት ድር ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኤምዲኤፉ ካለቀ ነጭ ፒቪሲ (የፕላስቲክ ሰሌዳ) ላይ ይቆረጣል ወይ?

ባለ ሌዘሩ፦
በፍጹም። ፒቪሲ በሌዘር ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል። ሳንባም ይጎዳል፣ ማሽንም ያዝጋል። "እንቆርጥልሻለን" የሚል ቤት ካገኘሽ ውጪ ሆነሽ ጠብቂ። ነጭ ከፈለግሽ አክሪሊክ (ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ) በይ።

የጓዳ ጌጥ፦
ዛሬ አስቆረጥኩ። ካሬው 75 ነበር፣ አሳደጉት፤ ሰሌዳው 40 ሴንቲ ድፍን። የ"መ" አይኖች ቦታቸው ላይ ናቸው። አበባው ግማሹ ብቻ ነው ያለው፤ በፔን ቱል መሳሉ ስላታከተኝ አንዱን ቅርንጫፍ ተውኩት፣ ደንበኛዋም ልብ አላለችውም። ካሬውን ግን አብረው ቆርጠውታል። የስኒ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ።