የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት እኩል ይሠራል?

ታቦር_ነርስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከአዲስ አበባ ለማስመጣት አስቧል፤ የሞተ ቫይረስ ያለበትን፣ በመርፌ የሚሰጠውን። በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ስለሌለ ሰው ከኪሱ ነው የሚከፍለው፤ ስለዚህ «ለእኔ ይሠራል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ትክክለኛ መልስ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «ከ40 እስከ 60 በመቶ» የሚለው ነው። ይህ ለ70 ዓመት አዛውንት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአንድ ዓመት ልጅ፣ ኤች አይ ቪ በደሙ ላለ ሰው ሁሉ አንድ ነው? ዶዙ ጥቂት ከሆነስ ቅድሚያ ለማን ይሰጥ? መንገድ ላይስ ምን ያበላሸዋል?

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም

ሲስተር፣ መጀመሪያ ቁጥሩን ራሱን ያስረዷቸው። 40 በመቶ ማለት ከተከተቡት 100 ሰዎች 60ዎቹ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ካልተከተቡ 100 ሰዎች 10 ቢታመሙ፣ ከተከተቡት 100 የሚታመሙት 6 ይሆናሉ ማለት ነው። የሚለካውም በላቦራቶሪ በተረጋገጠ ኢንፍሉዌንዛ ብቻ ነው፤ ሌሎች ቫይረሶች የሚያመጡትን ንፍጥና ሳል አይመለከትም። ይህ ቀድሞ ካልተነገረው፣ ተከትቦ በሳምንቱ ያስነጠሰው ሰው «ክትባቱ አይረባም» ብሎ ሰፈሩን ያዳርሳል። ደግሞም መከላከያው እስኪዳብር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል።

ከዕድሜው እኩል የቫይረሱ ዓይነት ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ጥምር ትንተና በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ዓይነቶች ለይቶ፣ ኤች1ኤን1 ላይ 61፣ ቢ ላይ 54፣ ኤች3ኤን2 ላይ 33 በመቶ ውጤታማነት አግኝቷል። ከ60 ዓመት በላይ ባሉት ኤች3ኤን2 ላይ ወደ 24 ይወርዳል፣ ኤች1ኤን1 ላይ ግን 62 ነው። ስለዚህ «ለሽማግሌ አይሠራም» የሚለው ድፍን ንግግር ስሕተት ነው። ችግሩ ያለው ኤች3ኤን2 ላይ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፣ ክትባቱን ለማምረት በእንቁላል ውስጥ ሲራባም ከእንቁላሉ ጋር ለመላመድ ሄማግሉቲኒኑ (የቫይረሱ የላይ ፕሮቲን) ይቀየራል፤ የተከተበው ሰውነትም የሚያውቀው ያንን የተቀየረውን ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014/15 ወቅት ጠቅላላ ውጤታማነቱ 19 በመቶ ላይ የወደቀው የተሠራጨው ኤች3ኤን2 ከክትባቱ ስለራቀ ነው።

ለአረጋውያን የተሻለ አማራጭ አለ። መደበኛው ዶዝ ከእያንዳንዱ ዓይነት 15 ማይክሮግራም ሄማግሉቲኒን ይይዛል፣ ከፍተኛ ዶዝ የሚባለው 60። ከ65 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች በተደረገ ትልቅ ሙከራ ከፍተኛው ከመደበኛው በ24 በመቶ በልጧል። ካልተገኘ ግን መደበኛውን ይስጡ እንጂ እሱን እየጠበቁ ሰው ሳይከተብ አይቅር።

ቅድሚያን በተመለከተ የልብ ታካሚን አይርሱ። የልብ ድካም ያለበት፣ በተለይም በቅርቡ የልብ ጡንቻ ድንገተኛ ጉዳት (ሃርት አታክ) የደረሰበት ሰው። በ2021 የወጣ ሙከራ ላይ፣ ከጉዳቱ ወዲያው በተከተቡት በአንድ ዓመት ውስጥ ሞት፣ ዳግም ጉዳት ወይም የስቴንት (የልብ ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) መዘጋት የደረሰባቸው 5.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ከወሰዱት 7.2 በመቶ ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ክትባቱ ከትኩሳት ማዳን በላይ ነው።

የሕፃናት_ክፍል

እህቴ፣ እኔ ደግሞ ነፍሰ ጡሮችን ከፊት አስቀምጣለሁ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ይህ ክትባት አይሰጥም፤ ያለው መንገድ እናትየውን መከተብና ፀረ እንግዳ አካሉ በእንግዴ ልጅ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ነው። በደቡብ አፍሪካ ኤች አይ ቪ በሌለባቸው እናቶች ላይ የተደረገው ሙከራ ለእናቶቹም ለሕፃናቱም 50 በመቶ ገደማ ጥበቃ አሳይቷል። የማሊው በሕፃናት ላይ ለስድስት ወር 33 በመቶ ቢያገኝም በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ብቻ ሲታይ 68 ነበር፤ ከእናት የተገኘው እየመነመነ ስለሚሄድ። በየትኛውም የእርግዝና ወር ይሰጣል፣ ነገር ግን ከምጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቅደም።

ልጆች ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት አንድ ዶዝ ሰጥቶ መሸኘት ነው። ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ዶዝ ያስፈልገዋል፤ ቫይረሱን ከዚህ በፊት ላላወቀ ሰውነት የመጀመሪያው ማስተዋወቂያ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዶዝ በስሙ ሳይያዝ የመጀመሪያውን አትስጪ፤ ቀጠሮውንም ካርዱ ላይ እዚያው ጻፊ። ከአንድ ዓመት በታች ጭን ላይ፣ ከዚያ በላይ ላለው የክንድ ጡንቻው ከበቃ ክንድ ላይ።

ኤች አይ ቪን በተመለከተ፣ በደቡብ አፍሪካ አዋቂዎች ላይ በተሠራ ሙከራ 75 በመቶ ቢገኝም የመተማመኛ ክልሉ (እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው) ከ9 እስከ 96 ስለሚደርስ «75» ብለሽ ቃል አትግቢ። ሲዲ4 (የበሽታ መከላከያ ሴሎች ቁጥር) በጣም ሲወርድ ምላሹ ይደክማል፤ ክትባቱ የሞተ ቫይረስ ስለሆነ ግን አይጎዳውም። ሪቱክሲማብ (የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት) የሚወስድም እንዲሁ፤ ምላሹ ደካማ ነው፣ አብረውት የሚኖሩት ቢከተቡ ያግዘዋል።

ፋርማሲስቱ

ስለ ቁጥሩ ብዙ ተብሏል፤ በረዶ የነካው ክትባት ላይ ግን መቶኛ ማውራት ትርጉም የለውም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ መቼም እንዳይረጋ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰው ሙቀቱን ፈርቶ በረዶ ያበዛና ክትባቱን ራሱ ያረጋዋል። አይስ ፓኩን ከፍሪዘር አውጥታችሁ ኮንዲሽን አድርጉ፦ ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ ሲንቦጫቦጭ እስኪሰማ ድረስ። ከዚያ ላዩን ማድረቅ፣ በእሱና በክትባቱ ካርቶን መካከልም ወፍራም ካርቶን ማስገባት።

ለፔንታቫለንት (ለአምስት በሽታዎች የሚሰጠው የሕፃናት ክትባት) የለመዳችሁትን ሼክ ቴስት፣ ማለትም ረግቶ እንደነበር በመነቅነቅ የሚለየውን ፍተሻ፣ እዚህ አትጠቀሙ። ያ የሚሠራው አሉሚኒየም ላለባቸው ክትባቶች ነው፤ መደበኛው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አሉሚኒየም ስለሌለው ረግቶ ቢቀልጥም ጥሩ መስሎ ሊታይ ይችላል። በብዙዎቹ ሲሪንጆች ላይ ቪቪኤምም (ሙቀት ሲያገኘው ቀለሙን የሚቀይር ምልክት) የለም። የቀራችሁ ማስረጃ ቴርሞሜትሩ ብቻ ነው፤ ሙቀቱን መዝግቦ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ፣ ሲደርስ ከ0 በታች ወርዶ ከተገኘ ዕቃውን አትቀበሉ። ፍሪጅ ውስጥም በሩ ላይ ወይም ከፍሪዘሩ ክፍል አጠገብ አይቀመጥ።

ታቦር_ነርስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አስመጪው ያቀረበልን ሦስት የቫይረስ ዓይነት የያዘውን ነው፤ ቀድሞ ባለአራቱ ነበር የሚታወቀው። አነሰ ማለት ነው?

ፋርማሲስቱ

አላነሰም። አራተኛው ቢ/ያማጋታ የሚባለው ነበር፤ ከመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተፈጥሮ ሲሠራጭ ስላልተረጋገጠ የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2023 ከክትባቱ እንዲወጣ መክሯል። ይልቅ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ወቅት እዩ። ድርጅቱ ክትባቱ የሚይዛቸውን ዓይነቶች ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በየካቲት፣ ለደቡቡ በመስከረም ያውጃል፤ እኛ ጋ ደግሞ ቫይረሱ ዓመቱን ሙሉ ስለሚዞር በእጅ ያለው የቅርቡ ይመረጣል። በቅናሽ የሚቀርብላችሁ ብዙ ጊዜ ያለፈው ወቅት ትራፊ ነው፤ የዓይነቶቹን ስም ከድርጅቱ የዘንድሮ ዝርዝር ጋር ሳታመሳክሩ ገንዘብ አትክፈሉ።