በ46 ዓመት ቴኳንዶ መጀመር ይቻላል?

የሳሪሱ አባት፦
ሰላም ናችሁ። የ8 ዓመት ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ወጣት ማዕከል ቴኳንዶ አመላልሰዋለሁ። ቢጫ ቀበቶ ላይ ደርሷል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ስልኬን እጎረጉራለሁ። ባለፈው ማስተሩ «ዝም ብለው ከሚቆሙ ለምን አብረው አይሠሩም?» አለኝ። ልቤ ተነሳስቷል። ግን ዕድሜዬ 46 ነው፣ ደረጃ ስወርድ ግራ ጉልበቴን ያመኛል፣ አብዛኛው ሠልጣኝ ደግሞ ሕፃን ነው። መሳቂያ አልሆንም? ደግሞስ «ወርልድ» እና «ኢንተርናሽናል» የሚሉት ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሰማያዊ ቀበቶ፦
ወንድሜ፣ እኔ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ የጀመርኩትም ከ40 በኋላ ነው። ማንም አይስቅብህም፣ ልጆቹ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። እንዲያውም ቀበቶ ማሰር ሲያቅትህ አንዷ ፍንጭት መጥታ ታስርልሃለች። ሰልፍ የሚያዘው በቀበቶ ነውና ልጅህ ከፊትህ ይቆማል። እሱን ከአሁኑ ዋጠው።

ጉልበትህን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ከዚያ ዶልዮ የሚባለውን፣ ከጎን ዞሮ የሚመጣውን እርግጫ ስትማር መሬት ላይ የቆመውን እግርህን ጠብቅ። ተረከዙ ወደ ዒላማው ካልዞረ ጉልበት ይጠመዘዛል። ሸካራ ሲሚንቶ ላይ በስኒከር ከሆነ እግር እሺ ብሎ አይዞርም፤ እዚያ ላይ አትራገጥ። ከፍታው አያስጨንቅህ፣ ወገብ ድረስ ይበቃል። የእኔ እግር ፊት ጋ ደርሶ አያውቅም፤ ፑምሴ (ለብቻ በቅደም ተከተል የሚሠራው የእንቅስቃሴ ድርድር) ላይ ግን ማንንም አልፈራም።

ወርልድ ማለት ኦሎምፒክ ላይ የምናየው ነው፣ ቶኪዮ ላይ ሰለሞን ቱፋ የተወዳደረበት። ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው። ኢንተርናሽናል ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በ1966 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ነው፤ እዚያ ፍልሚያ ላይ እጅም ፊት ጋ ይደርሳል። ለአንተ የሚለየው ግን ማስተሩ ነው።

ዶቦክ ለባሽ፦
ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ትልልቆቹና ልጆቹ ፍልሚያ ለየብቻ እንደሚሠሩ ይጠይቁ። ማሟሟቅና ፑምሴ አንድ ላይ ቢሆን ችግር የለውም። ወርልድ ከሆነ ደግሞ ልጅዎ ከ15 ዓመት በፊት ለጥቁር ቢፈተን የሚሰጠው ፑም የሚባለው የልጆች ደረጃ ነው፤ ቀበቶው ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር። ጥቁር ከለከሉት ብለው እንዳይጣሉ!

የሳሪሱ አባት፦
ተባረኩ። ለእኔ ቦርጭ የሚሆን ዶቦክ፣ የቴኳንዶ ልብሱ ማለቴ ነው፣ ግን የት ይገኛል?

ሰማያዊ ቀበቶ፦
ሃሃ፣ ለጊዜው በቱታ ጀምር። ማስተሩን ጠይቀው፣ የሚያሰፋበትን ልብስ ሰፊ አያጣም። ሱሪውን ሰፋ አድርገው ይስፉልህ፤ የእኔ የመጀመሪያው ስቀመጥ ተተርትሯል።